ዲ የት ሄደ? ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ስሻገር የፋይሎቼ ነገር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ባለፈው ማክሰኞ አበቃ። ላፕቶፔ ኮር አይ5 ነው፣ ስድስተኛ ትውልድ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ብል የዘንድሮ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት 22.2፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም። ድጋፉ በፈረንጅ እስከ 2029 ይቆያል፣ እስከዚያ እግዜር ያውቃል።

ሥራዬ ሰነድ መተርጎም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። የ12 ዓመት ሥራዬ በሙሉ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ ዲ ውስጥ። "ዲ ላይ አስቀምጪው፣ ፎርማት ሲደረግ አይጠፋም" ተብዬ ነው ያደግኩት።

የዛሬ ወጪ፦ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ 6,500 ብር፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ የምሰካበት ኬዝ 1,200 ብር። መጫኛ ፍላሽ ነበረኝ። ሚንትን ለማውረድ ወደ 3 ጊጋ ዳታ ሄደ።

ዲስኩን ራሴ ቀየርኩ፣ ስምንት ብሎን ነው። ሚንት ተጭኖ ለማለቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መሀል ላይ "ሆም ፎልደርሽ ኢንክሪፕት ይደረግ?" የምትል ሳጥን አለች፤ የግል ፋይሎችሽ ያሉበት ፎልደር ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ይቆለፍ ማለቷ ነው። የሰው ሰነድ ነው ብዬ ምልክት አደረግኩባት። ይህችን ሳጥን ያዙልኝ።

ማታ የድሮውን ዲስክ ሰካሁ። ዲ የለም። ሲ ድራይቭም የለም። ሁለት ዲስኮች በመጠናቸው ተጠርተው ተቀምጠዋል፣ "የ300 ጊጋ" እና "የ700 ጊጋ" እየተባሉ። የ700ውን ከፈትኩ፣ አለ ሁሉም። አንድ ፋይል ሪኔም ላድርግ ብል እምቢ አለ። ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደው። ዲስኩ ሞተ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ።

አልሞተም። ዊንዶውስ "ፋስት ስታርታፕ" የሚሉት ነገር አለው፤ ሹት ዳውን ስትሉት በእውነት አይጠፋም፣ ግማሹን አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ሊኑክስ እንዲህ የተኛ ዲስክ ሲያይ እንዳያበላሸው ብሎ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ዲስኩን ከመፍታቴ በፊት ዊንዶውስ ላይ ማጥፋት ነበረብኝ። አሁን ግን እንዲያውም ይሻላል ብዬ ተውኩት። ከዲስኩ መቅዳት እንጂ እሱ ላይ መጻፍ አልፈልግም።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

38,412 ፋይል፣ 212 ጊጋ። በማውዝ ጎትቼ ላስገባ ስል ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ፈጣን ነው የሚል ነገር አነበብኩ። ሲፒ የምትባለውን የመቅጃ ኮማንድ ሰጥቼ ለቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።

ስመለስ አልቋል። ደስ አለኝ። ቡና ተፈላ። ከዚያ የውል ፎልደሩን ከፈትኩ።

ያለኝን ፋይል አሰያየም ማሳየት አለብኝ። "ውል ሽያጭ"፣ "ውል ሽያጭ አዲስ"፣ "ውል ሽያጭ የመጨረሻ"፣ "ውል ሽያጭ የመጨረሻ 2"፣ "ውል ሽያጭ የመጨረሻ ትክክለኛው"። ከእነዚህ ውስጥ ማኅተም የተመታበት የትኛው እንደሆነ የማውቀው በቀኑ ነው። የመጨረሻ የተነካው እሱ ነው። አሁን አምስቱም "ዛሬ፣ 4፡12" ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ሺሁም ዛሬ ነው የተወለዱት።

አይቲ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

"ሲፒ አደረግሽው? ባዶውን?"

"ባዶውን ማለት?"

"ቀኑን ይዘህ ና ካላልሽው ቀን አይዝም። ሁሉንም አጥፊና አርሲንክ በሚባለው ሌላ መቅጃ ድገሚው። ኤ የምትለዋን ምልክት እንዳትረሺ፣ እሷ ናት ቀኑን የምታስይዘው።"

ደግነቱ የድሮው ዲስክ አልተነካም። አጠፋሁ። ደገምኩ። 62 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ማታ

መብራቱ ሰኞ መጣ፣ ጊዜ ያገኘሁት ግን ዛሬ ነው። አርሲንክን መልሼ አስነሳሁት። የተቀዳውን እየዘለለ ከቆመበት ቀጠለ። ሲቀዳ በጊዜያዊ ስም ስለሚጽፍና ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛውን ስም ስለሚሰጠው፣ ግማሹ የተቆረጠ ፋይል ሙሉ መስሎ አይቀመጥም። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ስህተት በመሀል፦ ከፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር (/) ለካ ትርጉም አላት። ካለች የፎልደሩን ይዘት ብቻ ይቀዳል፣ ከሌለች ፎልደሩን ራሱን። እኔ በመጀመሪያው ቀን አድርጌ ዛሬ ረሳኋት፣ ሁሉንም ነገር ፎልደር ውስጥ ፎልደር አድርጎ ሁለተኛ ሊቀዳ ጀመረ። በአሥር ደቂቃ አቆምኩት። አሁን መጀመሪያ የማስመሰያ ሙከራ አስደርገዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራ ይነግርሻል እንጂ አይሠራም።

ሲጨርስ ታች ላይ አንድ መስመር ጻፈ። አንዳንድ ፋይሎች አልተላለፉም፣ ኮድ 23። ወደ ላይ ጎትቼ ቆጠርኩ። 214 ፋይል። ምክንያቱ "የፋይሉ ስም በጣም ረጅም ነው"። እሑድ ሲፒም ይህንኑ ብሎ ይሆናል፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የስም ነገር። ሦስት ማታ የበላኝ ይህ ነው።

ካልተላለፉት አንዱ ይኸውላችሁ፦ "የጋራ መኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል ስምምነት ትርጉም የመጨረሻ ከማህተም ጋር የተስተካከለ እንደገና የታረመ"። አዎ፣ አሳፋሪ ነው። ግን ዊንዶውስ ላይ ይህ ከነ ዶክኤክሱ (የዎርድ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለችው .docx) 68 ምልክት ብቻ ነው፤ እዚያ የአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ምልክት ይፈቀዳል። ሊኑክስም 255 ነው ይላል። ታዲያ ምን ሆነ?

ሊኑክስ የሚቆጥረው ፊደል አይደለም፣ ባይት ነው፣ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘው ቦታ የሚለካበት። የፈረንጅ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ አንድ ባይት ይወስዳል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት። ከላይ ባለው ስም ውስጥ 51 ፊደል አለ፣ ይህ 153 ባይት ነው። 12 ክፍት ቦታ፣ እያንዳንዱ አንድ። አምስት ደግሞ ለነጥቡና ለዶክኤክስ። ድምር 170። ከ255 በታች ነው። ማለፍ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ሳጥን የመጣችው። ሆም ፎልደርን ኢንክሪፕት የሚያደርገው ኢክሪፕትኤፍኤስ የሚባል ነገር ነው። እሱ የፋይሉን ስምም ጭምር ይመሰጥራል፣ ሲመሰጠር ስሙ ይረዝማል። ስለዚህ ለእኔ የሚተርፈኝ 143 ባይት ብቻ ነው። በአማርኛ 47 ፊደል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ 143 ፊደል ሰፊ ሜዳ ነው፣ ችግሩ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። 214 ስም ማሳጠር፣ ወይም ሚንትን እንደገና መጫን። እንደገና ጫንኩት። ቅዳሜዬ በዚህ አለቀ። አሁን ሆምን ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ቆልፌያለሁ፣ ለክስ በሚባለው። እሱ ከፋይል ስም በታች ስለሚሠራ ስሙን አይነካም። ላፕቶፑ ሲነሳ አንድ የይለፍ ቃል ይጨምራል፣ በቃ።

አርሲንክ ሌሊቱን ሠራ። ያልተላለፈ 9 ፋይል። እነዚህ በእውነት ከ85 ፊደል ያለፉ ናቸው፣ ከዩቲዩብ የወረዱ የእናቴ ስብከቶች። የስብከት ርእስ ሲጻፍ ሰባኪው፣ ደብሩ፣ ዓመተ ምሕረቱና "እንዳያመልጣችሁ" ሁሉ አብሮ ይገባል። በእጅ አሳጠርኳቸው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አሁን ሁሉም ገብቷል፣ በቀኑ። ማደራጀት ተጀመረ።

መጀመሪያ ቆሻሻ። ከድሮ ፍላሾች የተገለበጠ "ፍላሽ ባክአፕ" የሚባል ፎልደር ነበረኝ። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ፍላሽ ስትሰካ ፎልደሮችሽ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ሊኑክስ ላይ እነዚያ ሾርትከቶች ምንም የማይከፍቱ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ቆጠርኳቸው፣ 1,306። በአንድ ኮማንድ ሄዱ።

ከዚያ አንድ ስም የሌለው ፎልደር አየሁ። አይኮን አለ፣ ስሙ ባዶ። ቫይረሱ እውነተኛ ፋይሎችን ስሙ ክፍት ቦታ የሆነ ፎልደር ውስጥ ከትቶ በዊንዶውስ "የተደበቀ" ያደርገዋል። ሊኑክስ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ አይቆጥርም። እሱ ጋ የሚደበቀው ስሙ በነጥብ የሚጀምር ብቻ ነው። ስለዚህ ገልጦ አስቀመጠው።

ከፈትኩት። የ2008 የእህቴ ቅልቅል። ፎቶ አንሺው የሰጠን ፍላሽ ቫይረስ በላው ብለን ስንት ተጣልተናል። 340 ፎቶ፣ አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከበግ ጋር ሲታገል ያለበት ጭምር። ለእህቴ ደወልኩላት። የማደራጀቱ ሥራ በዚያ ቀን እዚያው ቆመ።


እሑድ፣ ጥቅምት 23

ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የፈረንጅ ፊደል ይለያል ተብሎ ብዙ ተነግሮኝ ነበር። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ተገላገልኩ ብዬ ነበር። የባሰ አለን ለካ። "ሥራ" የሚል ፎልደር አለ። "ስራ" የሚልም አለ። "የፍርድ ቤት ውሳኔ" እና "የፍርድ ቤት ውሣኔ"። ዓመትና አመት። ጸሐፊና ፀሃፊ። ዊንዶውስም ላይ እንደዚሁ ሁለት ሁለት ነበሩ፣ ግን አንዱን በአይኔ እየለመድኩ ስለምሄድበት አላስተዋልኩትም። አሁን በፍለጋ ስሠራ ግማሹን አያመጣልኝም።

ለጊዜው ያገኘሁት መላ፦ ፋይንድ በሚባለው ኮማንድ ስፈልግ አጠራጣሪውን ፊደል በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሁለቱንም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ‹[ሥስ]ራ› ብዬ። ሁለቱንም ያመጣል። ለዘለቄታው ግን ለፋይል ስም ብቻ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሰ፣ ሀ፣ አ፣ ጸ። ንጉሡ ሠ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ዓይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ ፋይል ስም ላይ አይወጡም። ሰነዱ ውስጥ እንደ ሥርዓታቸው ይጻፋሉ። የሰዋስው መምህሬ ቢያዩኝ በአለንጋ ነበር።

ቀኑስ? "2010" የሚል ፎልደር ሁለት አለኝ። አንዱ በእኛ፣ ሌላው ካሜራው የፈጠረው፣ በፈረንጅ። ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። አሁን ፎቶ በሙሉ በፈረንጅ፣ ሥራ በሙሉ በእኛ። ካሜራና ቴሌግራም ቀኑን በፈረንጅ ስለሚጽፉ ከእነሱ ጋር አልታገልም። የሥራ ፋይል ስም በዓመት-ወር-ቀን ይጀምራል። "2017-13-05" የሚል ፋይል አለኝ፣ ጳጉሜን። ለፋይል ማኔጀሩ ቁጥር ብቻ ነው፣ 13ኛ ወር አያስደነግጠውም። ከነሐሴ ቀጥሎ አርፎ ተቀምጧል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ፎቶ። ኤክሲፍቱል የሚባል በፎቶው ውስጥ ያለውን የተነሳበትን ቀን አንብቦ ወደ ዓመትና ወር ፎልደር ይወስዳል። 9,000 ፎቶ በቡና እረፍት። የቴሌግራሞቹ ግን ቀሩ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ሲያሳንሰው ውስጡ ያለውን ቀን ያወጣዋል። ደግነቱ የወረደው ፋይል ስሙ ላይ ቀን ስላለ ከስሙ አስነበብኩት። 400 የሚሆኑ የምረቃ ፎቶዎች 2008 ውስጥ ገቡ፣ በፈረንጁ። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ካሜራው ባትሪው በወጣ ቁጥር ቀኑን ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ነበር። የስንት ዓመት ልዩነት እንዳለ ሰጥቼው ሁሉንም አንድ ላይ ገፋቸው።

ከዚያ ድፍረት ያዘኝና ድግግሞሹን ላጥፋ አልኩ። አርዲፋይንድ። ስሙ ቢለያይም ይዘቱ አንድ የሆነውን ፋይል ያገኛል። 11 ጊጋ ድግግሞሽ አገኘ። አጥፋ አልኩት።

ጠዋት የደንበኞች ፎልደሮችን ሳይ ጎደሎ። ለካ ይህ ፕሮግራም "ዋናው" ብሎ የሚያስቀረው በመጀመሪያ የጠቀስሽለትን ፎልደር ነው። እኔ ዳውንሎድን ነበር መጀመሪያ የጻፍኩት። ሥርዓት ባለው ፎልደር ያሉትን አጥፍቶ ዳውንሎድ ውስጥ ያለውን ዝባዝንኬ ጠበቀልኝ። ጥፋቱ የኔው ነው፣ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ታይምሺፍት የሚባል ወደ ኋላ መመለሻ ፕሮግራም አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ከፈትኩት። ታይምሺፍት ሲስተሙን ነው የሚመልሰው። ሆም ፎልደርን እንዲያው ከተተወ አይነካም። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። መልሼ ከድሮው ዲስክ፣ በአርሲንክ፣ የጠፋውን ብቻ። የዚህ ሳምንት የስም ለውጥ ስለነበረ አንድ ሁለት ሰዓት ማስተካከል ወሰደ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሥራ ፎልደሩን አስቀደምኩ።


ሐሙስ፣ ህዳር 4

አንድ አባት ደወሉ።

"ልጄ፣ ያቺ የ2006ቷ ውክልና አለችሽ?"

"አለች አባባ፣ አንድ አፍታ ይስጡኝ።"

ፋይሉን በአሥር ሰከንድ አገኘሁት። ኩራቴ እስክከፍተው ድረስ ነበር። ስከፍተው የፈረንጅ ፊደል ከነጥብና ከሰረዝ ጋር ተደባልቆ ገጹን ሞልቶታል። ያኔ በቪዥዋል ግዕዝ ነበር የምንጽፈው። ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ፎንቱ ብቻ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል።

የድሮውን ዲስክ ሲ ውስጥ ገብቼ ፎንቱን አወጣሁ፣ ሆም ውስጥ ባለው የፎንት ፎልደር ከተትኩት፣ በዎርድ ፋንታ የምጠቀምበትን ሊብሬኦፊስን ዘግቼ ከፈትኩ። አማርኛው ተመለሰ። በፒዲኤፍ አድርጌ ላክሁላቸው። መረቁኝ።

ግን ሰነዱ ውስጥ "ውክልና" ብዬ ብፈልግ አያገኝም። ወደ ዩኒኮድ መቀየሩም ፊደል በፊደል የመተካት ነገር አይደለም። በዚያ ፎንት አንዳንዱ ፊደል ሁለት ቁራጭ ነው። ኢ ማለት አ ከነተለጠፈችበት እግሯ ናት። እንዲህ ያለ ፋይል ስንት አለኝ? 620። ለጊዜው "አሮጌ ፎንት" የሚል ፎልደር፣ ጎኑ ላይ ፒዲኤፍ። በተፈለገ ጊዜ አንድ በአንድ እተይበዋለሁ።

የኒያላ ፎንትም ሌላ ጣጣ። ዊንዶውስ ላይ የጻፍኳቸው ሁሉ በኒያላ ናቸው፣ እዚህ የለም። ሊብሬኦፊስ በሌላ ሲተካው መስመሩ ይሰፋል፣ አንድ ገጽ የነበረ የልደት ምስክር ወረቀት ትርጉም "የተርጓሚው ፊርማ" የምትለውን ብቻ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይጥላል። በቅንብሩ ውስጥ ኒያላን በአቢሲኒካ እንዲተካ አስተካከልኩና የፊደሉን መጠን ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ።


ቅዳሜ፣ ህዳር 13

አሁን ሆም ውስጥ ያለው ይኼ ነው። ሥራ (በሕጌ መሠረት "ስራ")፣ ቤተሰብ፣ ፎቶ፣ እና "ዲ"። አዎ፣ ዲ የሚል ፎልደር ፈጠርኩ። እጄ ሳላውቀው ዲን ይፈልጋል። ገና ቦታ ያልተሰጠው ሁሉ እዚያ ይወድቃል፣ ዓርብ ዓርብ አጸዳዋለሁ። እስካሁን ሁለት ዓርብ አጽድቼ አንዱን ዘልያለሁ።

ዛሬ የተማርኩት ደግሞ ይህ ነው። ለአንድ ደንበኛ ፍላሽ ላይ ልቀዳ ስል አንዱ ፋይል እምቢ አለ። ስሙ ላይ ሰዓት ጽፌ ነበር፣ 3 ከ30 በፈረንጅ ሁለት ነጥብ (:)። ሊኑክስ ፈቀደልኝ፣ ፍላሹ ግን በፋት32 ስለተዘጋጀ ያንን ምልክት አይቀበልም። በእኛ ‹፡› ቀይሬ ሞከርኩ። ገባ። ለፍላሹ ይህ ሌላ ፊደል ነው። አንድ ቀን የእኛ ፊደል ጠቀመኝ።

የድሮውን ዲስክ ገና ፎርማት አላደረግኩትም። ፕላስተር ለጥፌበት "እስከ ጥር 30 አይነካም" ብዬ ጽፌ ቁም ሳጥን አስገባሁት። ባክአፕ ግን በእሱ ሊሆን አይችልም፣ አሮጌ ነው፣ ሲሽከረከር ይጮኻል። አንድ ቴራ ኤክስተርናል ዋጋ ጠየቅኩ፣ 8,500 አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ደመወዝ የለኝም፣ ደንበኛ ነው ያለኝ፤ እናያለን። እስከዚያ የሥራ ፎልደሯ ብቻ 14 ጊጋ ስለሆነች በየማታው በአርሲንክ ወደ 32 ጊጋ ፍላሽ ትሄዳለች። ፍላሹን ዊንዶውስ በማያነበው በሊኑክስ ኤክስት4 ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ያለው ጎረቤት ሊዋሰው ቢመጣ አይሆንም ማለት ቀላል ነው።

የቀረ፦ 620 አሮጌ ሰነድ፣ የእናቴ ስብከቶች፣ አዲስ የላፕቶፕ ባትሪ።